ስኮፔን ማን ፈታው?

ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። ግማሹን ሐኪም ያውቀዋል፣ ጥቂቱን ወንድሜ ያውቀዋል። እንደ እኔ የሚጠራጠር ሰው ያነበው እንደሆነ ብዬ ዛሬ ከነውርደቱ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ኢብራሂም እባላለሁ። የምኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከባለቤቴ ከሐያት ጋር ነው። ሐያት ፓሎ አልቶ ውስጥ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። እኔ ሳንታ ክላራ በሚገኝ አንድ ኩባንያ ላቦራቶሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መለካት ነበር። የተሠራ ዕቃ ይመጣልኛል፤ ከፀጉር የቀጠነች ስህተት ካለችው አግኝቼ እመልሰዋለሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግማሹ ክፍል ሌይኦፍ ሲደረግ፣ ማለትም ከሥራ ሲቀነስ፣ እኔም ወጣሁ። ሌላ ሥራ እስኪገኝ በመኪናዬ ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ከወጣሁ በአራተኛው ወር ነው።

በላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዮናታን። ጴንጤ ነው፣ እኔ ሙስሊም፤ በዚህ ስንቀላለድ ነው የተግባባነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ሳን ሆዜ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እኔ ስባረር እሱ አልተነካም። የርቀት ኢላማ ተኩስ ያስለመደኝ እሱ ነው። አደን አይደለም፤ ማንም አይሞትበትም። ሆድህ ላይ ትተኛለህ፣ ስድስት መቶ ያርድ ርቆ የቆመ ብረት ላይ ታነጣጥራለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ቃታውን ትስባለህ። ብረቱን ከመታኸው ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ልኬት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም።

ከሥራ ሳልወጣ የገዛሁት አዲስ ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ ተገጥሞ ሩቁን የሚያቀርበው የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ከነካርቶኑ ቤት ተቀምጦ ነበር። ዮናታን ደጋግሞ ኮል አደረገ። "እሁድ ከቸርች ስመለስ ጠመንጃውንም ስኮፑንም ይዘህ ና፣ አብረን እንግጠመው" አለኝ። መሄድ አልፈለግኩም ነበር፤ ያን ሰሞን ምንም ነገር አልፈልግም ነበር። ግን ሄድኩ።

የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ጋራዡ ውስጥ ጠበቀኝ። የጠመንጃውን ጀርባ በአልኮል ጠርገን ዘይቱን አስለቀቅን። መቀመጫውን ብረት አሰርንበት፤ በእሱ ላይ የሁለቱን ቀለበቶች ታችኛ ግማሽ፤ ስኮፑን በእነሱ ላይ አስተኛነው። ከዚያ እኔ ምንጣፍ ላይ ተኛሁና ሰደፉን ትከሻዬ ላይ ደገፍኩ፤ እሱ ስኮፑን ወደፊት ወደኋላ እያንሸራተተ "አሁንስ?" ይለኛል። ዓይን ከተጠጋ ጠመንጃው ሲራገጥ ስኮፑ ቅንድብ ይሰነጥቃል፤ ከራቀ ደግሞ ዙሪያው ይጠቁራል። ምቹውን ቦታ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ቀጥሎ ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ አስረን በውሃ ልክ አስተካከልነው። ከጋራዡ ትይዩ አጥሩ ላይ ቱንቢ አንጠለጠልን። በስኮፑ ውስጥ የሚታየው ቀጥ ያለ መስመር ከቱንቢው ክር ጋር እስኪገጥም ድረስ ስኮፑን በጥቂት በጥቂቱ አዞርነው። ቅርብ ለሚተኩስ ሰው ይህ ሁሉ ትርፍ ድካም ነው። በስድስት መቶ ያርድ ግን ትንሽ የዘመመ ስኮፕ ጥይቱን ከብረቱ ጎን ያሳልፈዋል። በመጨረሻ የቀለበቶቹን ላይኛ ግማሽ ገጥመን ብሎኖቹን እያፈራረቅን አጠበቅን። ዮናታን ልኩ ሲደርስ ቀጭ የምትል ካቻቢቴ አለችው፤ ስምንቱንም ብሎን በእሷ ጨረሰ። ከዚያ ከመሳቢያው ቢጫ የጥፍር ቀለም አውጥቶ ከእያንዳንዱ ብሎን ራስ እስከ ቀለበቱ ድረስ ቀጭን መስመር ሰመረ።

"መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው" አለኝ። "ከመተኮስህ በፊት ሁልጊዜ እየው።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮረብታው ላይ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ሄድን። በመቶ ያርድ አምስቱ ጥይት በአንድ ማንኪያ የሚሸፈን ቦታ ውስጥ ገባ። በስድስት መቶ ደግሞ ብረቱን ደጋግሜ መታሁት። ዮናታን ደስ አለው። እኔም ደስ ያለኝ መሰልኩ። ስንመለስ ዐስር ሰላት ሊያልፈኝ ስለነበር መንገድ ዳር አቁመን ሰገድኩ፤ ዮናታን መኪናው ውስጥ ጠበቀኝ። ጠመንጃዬም ከእሱ ጋር ከኋላ ነበር። ይህን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

በመካከሉ አንድ ማክሰኞ ሐያት ከሥራ በጊዜ ተመልሳ መኝታ ቤት ውስጥ ጠመንጃውን ይዤ አገኘችኝ። ስኮፑን እያየሁት ነው አልኳት። "እሺ" አለችና በሩን ሳትዘጋው ወደ ኩሽና ሄደች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እንደገና ወጣን። በመቶ ያርድ የመጀመሪያውን ጥይት ተኮስኩ፤ ከመሃሉ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ወጣ። ሁለተኛው ወደ ታች። ሦስተኛው የት እንደገባ አልታወቀም። መጀመሪያ ራሴን ወቀስኩ። ያን ሰሞን እንቅልፍም እህልም ርቆኝ ነበር። ከዚያ አንገቴን አስግጌ ብሎኖቹን አየሁ። የፊተኛው ቀለበት ላይ ካሉት አራት መስመሮች ሁለቱ ተሰብረዋል። አንዱ ብሎን ራሱ ተጭሯል፤ አጠገቡ ያለው ቀለም ተፋቆ ትንሽ ቢጫ ዱቄት ቀርቷል።

ተኩስ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ሰው ነክቶታል።

ጠመንጃው የሚቀመጠው ቤቴ ካዝና ውስጥ ነው። ኮዱን የምናውቀው እኔና ሐያት ነን፤ ፓስፖርታችንም ወረቀታችንም እዚያው ስላለ። ሐያትን ወዲያው ከሐሳቤ አወጣኋት። ጠመንጃ ትጠላለች። እኔ ሳጸዳው እንኳን እዚያ ክፍል አትገባም። እሷ ከወጣች ማን ቀረ? የሰላቱ ሰዓት ትዝ አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ጠመንጃዬ ከዮናታን ጋር ብቻውን ነበር።

"ዮኒ፣ ይሄን ነክተኸዋል?" አልኩት።

ተንበርክኮ ብሎኖቹን ለረጅም ጊዜ አያቸው። "እኔ አልነካሁትም" አለ።  ከዚያ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ስለ ብሎን አልነበረም። ጠመንጃውን በሥራ ቀን ከካዝና አወጣዋለሁ ወይ፣ ኮዱን ማን ያውቃል፣ እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ብቻዬን ቤት ስሆን ምን እሠራለሁ። እያንዳንዱን ጥያቄ አይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም በልቤ፣ ይሄ ሰው ቤቴን ምን አስጠናው አልኩ።

ወደ ኦክላንድ ብቻዬን ስነዳ ነገሩን አገጣጠምኩት። ዘጠኝ ዓመት ስህተት ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የፈለግኩትን አላጣም። የተኩስ ክለባችን ትንሽ ውድድር ደርሶ ነበር፤ እንድሸነፍለት ፈልጎ ይሆናል። ከሥራም ስወጣ ስማችን ዝርዝር ውስጥ ከመግባቱ በፊት አለቆቹ ያነጋገሩት እሱን ነው የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ያኔ ንቄ የተውኩት ወሬ አሁን ነፍስ ዘራ። ስኮፑን እንግጠም ብሎ የጎተጎተኝ እሱ። የብሎኑን ልክ የሚያውቅ እሱ። ካቻቢቴው ያለው እሱ። ቤቴ ስደርስ ዮናታን ጠላቴ ነበር።

ሰኞ ሐያት ስትሰግድ ስልኳ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጠራ። ቀና ብዬ ሳይ የዮናታን ስም ነው። አላነሳሁትም። ሰግዳ ስትመጣ ዮናታን ደውሎልሻል አልኳት። ለቸርቻቸው የጤና ፕሮግራም ነርስ ፈልገው ይሆናል አለች። ሐያት መዋሸት አትችልም፤ ስትዋሽ እጇ የሆነ ነገር ያነሳል። ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች።

ሦስት ጊዜ ጠረገችው።

ያን ቀን ያሰብኩትን ልነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ውሸት ይሆናል። ዮናታን ሚስት የሌለው ሰው ነው። እኔ ሥራ የሌለኝ፣ የማልስቅ፣ ከሰው የማልገናኝ ባል ሆኛለሁ። ሐያት ከእኔ ጋር በምታወራበት ጊዜ ድምጿ ለበሽተኛ እንደምታወራው ሆኗል። ይህን ሁሉ ደምሬ አንድ መልስ አወጣሁ። መልሱ ሲመጣ፣ ይግረማችሁ፣ ትንሽ እፎይ አልኩ። ለአራት ወር ስም ያጣሁለት ነገር አሁን ስም አገኘ። የተከፋሁት ተከድቼ ነው ብዬ አመንኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሐያት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ስልክ ታወራ ነበር። መስኮቱ በትንሹ ወርዷል። ቆሻሻ ልጥል የወጣሁ መስዬ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። "ነገ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ለሥራ ይወጣል" ስትል ሰማኋት። "እሱ ከወጣ በኋላ ነው የምመጣው። ሺፍት አለኝ ብዬዋለሁ።"

ሐሙስ እንደተባለው ስድስት ሰዓት ላይ ቻው ብያት ወጣሁ። ሁለት መንገድ ዞሬ የሥራ አፑን ዘጋሁና ቤታችንን ከሚያሳየኝ ጥግ ቆምኩ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሐያት የሆስፒታል ነጭ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። በሁለት እጇ ረጅሙን ጥቁር ሳጥን ይዛለች፤ የጠመንጃዬን ሳጥን። ከብዷታል። ግራ ቀኝ አይታ የመኪናዋ ኋላ ውስጥ ከተተችው።

 ክህደት ብቻ ነው ብዬ ስዘጋጅ ጠመንጃዬ ለምን መጣ? ምን ሊያደርጉበት ነው? የእኔ ስም ያለበት፣ የእኔ አሻራ ያለበት ጠመንጃ። በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ አራት መኪና ወደ ኋላ እየራቅኩ ተከተልኳት። ኸይዋርድ፣ ፍሪሞንት፣ ሚልፒታስ አለፍን። እሷ ሁልጊዜ እንደምትነዳው በቀኝ መስመር፣ ሳትቸኩል ትነዳለች። እኔ የማስበው ለፖሊስ ልደውል ወይስ ራሴ ልድረስ የሚለውን ነበር። ብደውል ምን ብዬ? ሚስቴ ጠመንጃዬን ይዛ ወደ ጓደኛዬ ቤት እየሄደች ነው ልበል? ሳን ሆዜ ስንገባ የዮናታንን መንገድ ሳትጠራጠር ታጠፈች። ታውቀዋለች አልኩ። የመጀመሪያዋ አይደለም።

ሁለት ቤት ሲቀረኝ መኪናዬን አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። የጋራዡ በር እስከ ወገብ ተከፍቷል። ከጎኑ ካለው ቁጥቋጦ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሐያት ነጭ ጫማና የዮናታን የሥራ ቡትስ ይታየኛል። ጠመንጃው ሞርሳው ላይ ታስሯል። ካቻቢቴዋ ቀጭ ስትል ተሰማኝ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

"ይሄን ይዘሽው ትሄጃለሽ" አለ ዮናታን። "ያለዚህ ምንም አይሠራም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ስኮፑን ግን ሁለተኛ እንዳትነኪው።"

"እንደነበረ አጥብቅልኝ" አለች ሐያት። "ቅዳሜ ያያል። እንዳያውቅብን።"

"መስመሩንም እንደነበረ እቀባዋለሁ።"

በሩን በሁለት እጄ ወደ ላይ ወረወርኩት። ብርሃኑ ሲገባ ሁለቱም ዞሩ። የደነገጡት ሌባ እንደሚደነግጠው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ለማየት ዓይን አልነበረኝም። ሐያት በእጇ የያዘችውን ብረት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዮናታን ሊቀበለኝ ወደ እኔ አልመጣም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ በእኔና በጠመንጃው መካከል ቆመና እጁን ጠመንጃው ላይ አሳረፈ።

የተናገርኩትን ሁሉ አልጽፈውም። ዮናታንን በሥራዬ፣ በስኮፔ፣ በቤቴ ከሰስኩት። ለሐያት ደግሞ አንድ ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ሊያስበው የማይገባ ቃል አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ዮናታን ዓይኑን ጨፈነ። ሐያት ግን ስለ ቃሉ አልመለሰችልኝም። እስክጨርስ ጠበቀችና በዚያው የበሽተኛ ድምጽ ጠየቀችኝ።

"ኢብራሂም፣ የዛን ማክሰኞ ስመጣ ጠመንጃው እግርህ ላይ ምን ይሠራ ነበር?"

"ነግሬሻለሁ። ስኮፑን እያየሁት ነበር።"

"የስኮፑ ክዳኖች አልተከፈቱም ነበር" አለች። "ሁለቱም። መጋረጃውም ተዘግቶ ነበር።"

ዓይኔን ከእሷ አንስቼ ሞርሳው ላይ ወዳለው ስኮፕ ዞርኩ።  

ከዚያ ሁለቱም እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ሐያት ከዚያ ማክሰኞ በፊትም ትከታተለኝ ኖሯል። ለሃያ ዓመት ያላነጋገርኩትን ወንድሜን ደውዬ ይቅርታ መጠየቄን ሰምታለች። የምወዳቸውን የመለኪያ ዕቃዎቼን ለጎረቤት መስጠቴን አይታለች። ጁምዓ መሄድ ማቆሜን ቆጥራለች። ነርስ ናት፤ እነዚህ ነገሮች በአንድ ላይ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ሆስፒታል ውስጥ ተምራዋለች። ግን ባሏን ጠይቃ የምትሰማውን መልስ ፈራች። ስለዚህ በማግስቱ እኔ ስወጣ ካዝናውን ከፈተች። ስለ ጠመንጃ ምንም አታውቅም።

"መነጽሩ ከሌለ የማይተኮስ መስሎኝ ነበር" አለች። "አልጋውን ስንገጣጥም የተረፈችዋን ጎባጣ ቁልፍ አምጥቼ መፍታት ጀመርኩ። ሁለቱን እንዳላላሁ የመኪናህን ድምጽ ሰማሁ። መልሼ አጠበቅኳቸው። እንዴት እንደሚጠብቁ አላወቅኩም።"

ዮናታን በተራው ስለ ቅዳሜው ነገረኝ። መስመሩ ተሰብሮ ሲያይ እሱ እንዳልነካው ያውቃል። እኔም ነክቼው ቢሆን ኖሮ ማን ነካው ብዬ አልጠይቅም። የቀረችው ሐያት ናት። ጠመንጃ የምትጠላ ሴት ብሎን ልትፈታ ምን አስገደዳት ብሎ ሲያስብ፣ ከዚያ የእኔን ፊት አይቶ ጥያቄዎቹን ሲጠይቀኝ፣ መልሶቼ አስፈሩት። ሰኞ ደወለላት። መሸሸግ ካለብሽ መነጽሩን ሳይሆን ይህን ነው ብሎ ቦልት የሚባለውን፣ ከጠመንጃው ጀርባ ተስቦ የሚወጣውን ብረት፣ እንዴት እንደምታወጣው ሊያሳያት ነው ያስመጣት። ያለ እሱ ጠመንጃው ዱላ ነው። ቦልቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ወደ ሥራ ልትሄድ፣ ቅዳሜ ጠዋት መልሳ ልታስገባው ነበር። ስኮፑን ደግሞ እንዳላውቅባት ሊያስተካክልላት።

እኔ ስለ ክህደት ሳስብ፣ ሁለቱ ሰዎች እኔን ከእኔ ይጠብቁ ነበር።

ዮናታን የመኪና ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ከእኔ ዝቅ አለ። ከዚያ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ራስህን ልታጠፋ አስበህ ነበር?"

ቃሉ በአማርኛ ሲባል እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ሰው ዙሪያውን ነው የሚዞረው፤ "አይዞህ፣ ያልፋል፣ አላህ ያውቃል" ይላል። እሱ ግን እንደ ብሎን ልክ ቀጥ አድርጎ ጠየቀኝ። መጀመሪያ "አስተግፊሩላህ፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው" አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ሐያትም አላለቀሰችም። ጠበቁኝ። የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ፤ መቀመጤን ያወቅኩት ቅዝቃዜው ሲሰማኝ ነው።

"አዎ" አልኩ።

በዚያው ከሰዓት ዮናታን እየነዳ፣ ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ዘጠኝ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራሁ ሰው ሐኪሟ ስትጠይቀኝ አንዲት ቃል እንኳን ጠፋችኝ። አስተርጓሚ በስልክ አመጡልኝ፤ የት እንዳለች የማላውቃት፣ ድምጿ የትልቅ ሴት የሆነ። ለማንም ፊት ለፊት ያላልኩትን ሁሉ ለዚያች ድምጽ በአማርኛ ነገርኳት። የማክሰኞውን። ከማክሰኞው በፊት የነበሩትንም። አንድ ቦታ ላይ ድምጼ ሲቆራረጥ "ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ" አለችኝ። ደገምኩት። ለሐኪሟ ተርጉማ ጨረሰችና፣ የአስተርጓሚ ሥራ እንዳልሆነ እያወቀች፣ ቀስ ብላ "አይዞዎት ወንድሜ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ጥቂት ቀን ተኛሁ። መድኃኒት ጀመርኩ፤ በየሳምንቱ የማነጋግረው ሰውም አለኝ። አንድ ቀን ነቅቼ ተሻለኝ ብላችሁ ውሸት ነው። ቀስ እያለ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የምግብ ጣዕም፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ሳቅ በመጨረሻ። ቦልቱን ዮናታን ዘንድ ትቼዋለሁ፤ በራሴ ፈቃድ። ቅዳሜ ስንወጣ እሱ ያመጣዋል፣ ስንመለስ ይወስደዋል። መቼ ልመልስልህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ስለ ሌይኦፉ ደግሞ አለቆቹ ማንንም እንዳላነጋገሩ፣ እሱም የተረፈው ለምን እንደሆነ እንደማያውቅ ነገረኝ። አመንኩት። ወሬውን ማን እንደነገረኝ ሳስበው ስሙ እንኳን አልመጣልኝም።

ሐያት ግን ሌላ ነው። ማክሰኞውን ይቅር ብላኛለች፤ ያ በሽታ ነው ትላለች። ጋራዥ ውስጥ ያልኳትን ቃል ግን በሽታ ነው ብዬ እንድሸሽበት አትፈቅድልኝም። ቃሉን ስላልኩት ይቅር በይኝ ስላት፣ "እየሞከርኩ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው የምትነግረኝ፤ ለማጽናናት ብላ አትዋሸኝም። አሁን በሩ በተከፈተ ቤት ውስጥ እንኖራለን። መኝታ ቤት ውስጥ ሆኜ ዝም ካልኩ መጥታ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ።

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬ መጥፎ ነው ብዬ ልመክራችሁ አይደለም የጻፍኩት። ሐያት ባትጠራጠረኝ፣ ዮናታን ከሁለት የተሰበሩ መስመሮች ተነስቶ ባይጠራጠር፣ ይህን የሚጽፍላችሁ ሰው አይኖርም ነበር። እነሱ የጠረጠሩት ስለሚወዱኝ ነው፤ ጠርጥረውም ወደ እኔ ቀረቡ። እኔ ጠርጥሬ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተቀመጥኩ። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። የሆነ ሰው ሲለወጥባችሁ፣ ዕቃውን ሲያድል፣ ያለ ምክንያት ይቅርታ ሲጠይቅ ካያችሁ ተጠራጠሩ። ከዚያ ግን በር ከፍታችሁ ግቡና ጠይቁ። ቃሉን በስሙ ጥሩት። መጥራት ሐሳቡን ወደ ሰው ጭንቅላት አያስገባውም፤ እኔ ጋ ከመጠራቱ በፊት ገብቶ ነበር፣ ሲጠራ ነው መውጣት የጀመረው።

ባለፈው ሳምንት ሳን ሆዜ ኤርፖርት የሾፌሮች መጠበቂያ ላይ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ከአጠገቤ ሁልጊዜ የማገኘው የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ በፊት ሲያወራ የማይደክመው፣ አሁን መስኮቱን ዘግቶ የሚቀመጥ። ያን ቀን መስኮቱን አንኳኩቼ ምን ሆነሃል አልኩት። "ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው" አለኝ። ያን መልስ አውቀዋለሁ። ለወራት እኔም ብዬዋለሁ። ከሌላኛው በር ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩና ዮናታን እንደጠየቀኝ አድርጌ ጠየቅኩት።

 ስልኩ ላይ ተራው ደርሶ መጥሪያው ጮኸ፤ አልነካውም። ጮኾ ጮኾ ሲያበቃ እጁን ዘርግቶ ሞተሩን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።